የጋሽ ሚዛን አሥር ኪሎ

ሰው ባነበበው ልክ ግራ የሚጋባ ከሆነ፣ በሰፈራችን ከእኔ በላይ ግራ የተጋባ አይገኝም። ሥራዬ የንባብ ቤት ኃላፊነት ነው። ጋዜጣና መጽሔት አርጅቶ ከመጣሉ በፊት ይጠቅማል ያልኩትን በመቀስ እየቆረጥኩ በዶሴ አስቀምጣለሁ። «ጤና» ብዬ የጻፍኩበት ዶሴ ከሁሉም ይወፍራል። እዚያ ውስጥ ቅባት ገዳይ ነው የሚል ወረቀት አለ፤ ከሥሩ ቅባት መድኃኒት ነው የሚል አለ። ቁርስ የበላ ይድናል የሚለውና ቁርስ የዘለለ ይድናል የሚለው በአንድ መርፌ ቁልፍ ተያይዘዋል። እኔ ሁለቱንም አምኜ እኖራለሁ፤ ጎረቤት ሲጠይቀኝ ደግሞ እጄ የገባውን አነብለታለሁ። የዚህ ታሪክ ጥፋትም ከዚሁ ይጀምራል።

አንድ ቀን ወደ ማምሻው ከሥራ ስመለስ፣ የምንኖርበት ሕንፃ ደረጃ ላይ፣ ከታች ሦስተኛው እርከን ላይ ጎረቤቴ ተቀምጦ አገኘሁት። እጁ ላይ ሁለት ሳሙና የያዘች ፌስታል አለች፤ ሌላ ሸክም የለውም። ይህ ሰው ሠላሳ ዓመት በእህል መጋዘን የሚዛን ሠራተኛ ሆኖ ኖሯል። ሰው ሁሉ ጋሽ ሚዛን ይለዋል። የወለዱትን ሕፃን፣ የገዙትን ሽንኩርት፣ የጠረጠሩትን ስኳር ይዘውለት ይመጣሉ፤ በእጁ ከፍ ዝቅ አድርጎ ኪሎውን ይናገራል። አንድም ቀን ሲሳሳት አላየሁም።

ሸንቀጥ ብሎ ሳየው ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው። ከአምስት ሳምንት በፊት ዘጠና ስድስት ኪሎ ነበር። «እሰይ፣ እንደ ጎረምሳ ሆነሃል» ብዬ ትከሻውን መታ አደረግኩት። ትከሻው አጥንት ብቻ ሆኖ ተሰማኝ። ቀና ብሎ አየኝና በቀስታ፣ «ምሁሩ፣ ተነሥቼ መሄድ አቅቶኛል» አለኝ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልናገር። ጋሽ ሚዛን አንዲት ታላቅ እህት አለችው፤ እታለም ይላታል፣ እኛም እሱን ተከትለን እታለም እንላታለን። እናታቸው ቀድመው ስለሞቱ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሁለቱም ኩላሊቶቿ እምቢ ብለዋል፤ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ትመላለሳለች። አንዲት ልጅ አለቻት፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ። ልጅቱ ኩላሊቷን ልትሰጥ ብትለምን ደሟ አልገጠመም። የወንድምየው ገጠመ። ሐኪሙ ግን መርምሮት ሲያበቃ፣ ኩላሊትህ ደህና ነው፣ ሆድህና የደም ግፊትህ ግን በዚህ ሁኔታ ቢላዋ አያስነኩህም፤ አሥር ኪሎ ያህል ቀንሰህ በስድስት ወር ተመለስ አለው።

የዚያኑ ዕለት የእኔን በር አንኳኳ። ዶሴዬን ገለጥኩ። እጄ የገባው ወረቀት፣ ጠዋት ሎሚ በውሃ፣ ቀን ጥቅል ጎመን ሾርባ፣ ማታ ምንም የሚል ነበር። በሚያምር ድምፅ አነበብኩለት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት እኔ ነኝ።

ታዲያ ደረጃው ላይ ተቀምጦ የነገረኝ ይህን ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ተሸካሚዎቹ ሌላ ሥራ ይዘው ስለነበር አንዲት ሃያ አምስት ኪሎ ጆንያ ራሱ ሊያነሣ ጎንበስ አለ። ዱሮ ሃምሳውን እንደ ትራስ የሚወረውር ሰው፣ ሃያ አምስቷ ከመሬት አልላቀቅ አለችው። ዓይኑ ጨለመና ወለሉ ላይ በተዘረጋው የእህሉ ሚዛን ላይ ተዘረረ። ሰዎቹ ሮጠው ሲመጡ ቀስቱ ሰማንያ ሰባት ላይ ቆሞ ነበር አለኝ። ይህን ሲለኝ ኩራትም ነበረበት፤ ዘጠኝ ኪሎ ቀንሷላ።

እኛ ይህን ስናወራ አስተማሪዋ አጎቷን ፍለጋ ከላይ ከእናቷ ቤት ወረደች። አየችውና ከጎኑ ተቀመጠች።

«አጎቴ፣ እህል ከበሉ ስንት ቀን ሆነዎት?»

«እህልማ ቀኑን ሙሉ ስመዝን አይደል የምውለው» አላት። እኔ ሳቅሁ፣ እሷ አልሳቀችም።

እኔ መሃል ገባሁ። ዘጠኙ ሄዷል፣ የቀረው አንድ ኪሎ ነው፤ አንድ ሳምንት ጥርሱን ነክሶ ቢታገሥ ሁላችንም እንገላገላለን አልኩ። ልጅቱ ወደ እኔ ዞረች። ንግግሯ ጨዋ ነው፣ ዓይኗ ግን አይደለም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሄደው ምንድን ነው?»

«ኪሎ ነዋ።»

«የምን ኪሎ?»

ይህን ጥያቄ በዶሴዬ ውስጥ አላገኘሁትም። ኪሎ ኪሎ ነው ብዬ አጉረመረምኩ። እሷ ወደ አጎቷ ተመለሰች።

«አጎቴ፣ ነጋዴ እርጥብ እህል ቢያመጣብዎ ምን ያደርጋሉ?»

ጋሽ ሚዛን ቀና አለ። ስለ ሥራው ሲጠየቅ እንደ ዳኛ ነው። «ጆንያውን በብረት ወግቼ ከመሃሉ ፍሬ አወጣለሁ። በጥርሴ እሰብረዋለሁ። ከዚያ በመሣሪያው እርጥበቱን እለካለሁ። ውሃ ከበዛበት መልሰህ አስጣው እለዋለሁ። ውሃ በእህል ስም አልቀበልም።»

«አስጥቶት ሲመለስ ክብደቱ ቀንሶ ቢገኝ፣ እህሌ ጠፋ ብሎ ያለቅሳል?»

«ምን ያስለቅሰዋል? የሄደው ውሃው ነው፣ እህሉ ያው ነው።»

«እርስዎም አምስት ሳምንት ፀሐይ ላይ ተሰጥተው ነው የከረሙት» አለች። «ከዘጠኙ ኪሎ ገሚሱ ስብ ቢሆን ነው። የቀረው ውሃና ጡንቻ ነው። ይባስ ብሎ የእርስዎ ከእህሉም ይከፋል፤ እህል ሲደርቅ ፍሬው አይነካም፣ እርስዎ ግን ፍሬውንም ነው የሰጡት። ሰውነት ሲርበው የማይሠራበትን ጡንቻ መብላት ይጀምራል። ሆድዎ እነሆ እዚሁ አለ፤ ክንድዎና ጭንዎ ነው የሄደው።»

ጋሽ ሚዛን ሆዱን አየ። እውነትም እዚያው ነበረ።

«ሐኪሙ ግን አሥር ኪሎ ነው ያለኝ» አለ። «እኔ ሠላሳ ዓመት የኖርኩት ሚዛን አይዋሽም ብዬ ነው።»

«አይዋሽም። ምን እንደመዘነ ግን አይናገርም። ለዚህ አይደል ጆንያውን በብረት የሚወጉት?»

ቀጥላ ማድረግ ያለበትን ነገረችው። በቀን ሦስት ጊዜ ይብላ፤ ከሳህኑ ግማሹ አትክልት ይሁን፣ ሩቡ ምስር ወይም ባቄላ ወይም እንቁላል፣ አልፎ አልፎ ሥጋ፣ የቀረው ሩብ ዳቦ ወይም ሩዝ። አራት ማንኪያ ስኳር የሚገባበት ሻይ ወደ አንድ ይውረድ። በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ ከወንበር ሳይደገፍ መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ መግፋት፣ ውሃ የሞላ ጄሪካን ማንሣት፣ በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመሩ። በመሃል ያለው ቀን ዕረፍት ነው፤ ጡንቻ የሚያድገው ያን ጊዜ ነው አለችው።

«የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ጄሪካን ሲያነሣ ሲጥል ሰው ምን ይላል?» አለ ጋሽ ሚዛን።

«ጆንያ ሲያነሡ በኖሩበት ዘመን ሰው ምን አለ? የሚዛኑ ኃላፊ ከሆኑ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያነሡት እስክሪብቶ ነው።»

እሱም ወደ እኔ ዞረ። «ምሁሩ፣ አንተ ሎሚ አልከኝ፣ እሷ እንቁላል ትለኛለች። የቱን ልመን?»

እንደ እውነቱ ከሆነ እኔ አላውቅም ነበር። የልጅቱ ነገር ልክ ይመስለኛል፤ የተጻፈ ነገር ደግሞ ከእጄ አለ። ሁለቱንም ቀላቅል ልለው ምንም አልቀረኝም። ደግነቱ እሷ መልሴን ሳትጠብቅ ብብቱን ይዛ አነሣችው፣ በማግሥቱም ሐኪሙ ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ እንዲህ ሆነህ ብትመጣ ከሰባው ይልቅ የከሳውን ነው የምፈራው ብሎ ገሠጸው። አስተማሪዋ የነገረችውንም ሰምቶ፣ ከእኔ ክትትል ሳትወጣ ይህንኑ አድርግ አለው።

ጋሽ ሚዛን ጀመረ። መጀመሩን ጀመረ፣ ማመኑን ግን አላመነም። በየቀኑ ጠዋት መጋዘኑ ውስጥ የእህሉ ሚዛን ላይ ይወጣል። የሙያ ነገር ሆኖበት፣ ጆንያ ሲመዘን የባዶው ጆንያ ክብደት እንደሚቀነስ ሁሉ፣ ጫማውን፣ ሱሪውን፣ ቀበቶውን፣ የቁልፉን ዘለላና የጋብቻ ቀለበቱን ሳይቀር ለየብቻ መዝኖ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጽፏል። ከዚያ ይቀንሳል። ቁጥሩ ግን ወደ ታች በመሄድ ፈንታ ወደ ላይ ሄደ። ሰማንያ ስምንት፣ ሰማንያ ዘጠኝ፣ በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ድፍን ዘጠና።

በዚያው ሰሞን እታለም ባሰባት። ሰውነቷ ውሃ ቋጥሮ፣ መተንፈስ ቸግሯት አራት ቀን ሆስፒታል ተኛች። ጋሽ ሚዛን ሲጠይቃት እጁን ይዛ፣ «አንተ ልጅ፣ በእኔ ምክንያት ራስህን እንዳትጎዳ» አለችው። እሱ ከዚያ ወጥቶ ለማንም ሳይናገር ወደ ሎሚው ውሃ ተመለሰ። ያወቅሁት ሎሚ ለመበደር ሲመጣ ነው። ሰጠሁት። በማግሥቱ ግን ለአስተማሪዋ ነገርኳት፤ ተያይዘን ወደ መጋዘኑ ሄድን።

መጋዘኑ ሰፊ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ አየሩ የእህል ብናኝ። ጋሽ ሚዛን ጫማውን አውልቆ ሚዛኑ ላይ ቆሞ ነበር። ስንገባ አልደነገጠም። «ኑ፣ እዩት» አለን። «ዘጠና። ይቺ ልጅ እንቁላል እያበላች ሦስት ኪሎ ጨመረችብኝ። እህቴ እየሄደች ነው፣ እኔ እወፍራለሁ። እንዲህ ያለ ምክር የት አለ?»

ቁጥሩ እዚያው ፊቴ ነው። እውነትም ጨምሯል። በልቤ ምነው የመጀመሪያውን ወረቀት ይዘን በቀረን አልኩ፤ አልዋሽም።

አስተማሪዋ ከሚዛኑ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ቀጥላ የተናገረችውን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

«አጎቴ፣ የምትሞተው እናቴ ናት። ከእርስዎ በላይ የቸኮልኩ እኔ ነኝ። ልቤ ሌት ተቀን፣ ተይው ይራብ፣ በፍጥነት ይቀንስ፣ እናትሽን ታድኛለሽ ይለኛል። እሺ ብዬው ቢሆን ኖሮ ዝም እልዎት ነበር። ግን አልጋው ላይ ሁለት ሰው ነው የሚተኛው። አንዱ ደክሞ ከገባ ሁለቱንም ይዞ ነው የሚሄደው። እኔ አንድ እናትና አንድ አጎት ነው ያለኝ፤ ሁለቱንም ነው የምፈልገው።»

ጋሽ ሚዛን ከሚዛኑ ወረደ። ወደ ጣሪያው አየ፣ ወደ ጫማው አየ። «ታዲያ ይህ ሦስት ኪሎ ምንድን ነው?» አለ፤ ድምፁ እንደ ተማሪ ሆኗል።

«ያደረቁትን ውሃ ሰውነትዎ መልሶ ጠጥቷል፤ ጡንቻውም መመለስ ጀምሯል። አላምንም ካሉ ይውጉት።»

«ምኑን?»

«ጆንያውን» አለችና ጥግ ላይ ወደተደረደሩት ጆንያዎች አመለከተች። «የዚያን ቀን የጣለችዎት ሃያ አምስት ኪሎ አለች አይደል? እኔ እንዳሳየሁዎት፣ ወገብ ሳይጎብጥ፣ በጭንዎ ይነሡ።»

እሱ ፈራ። እኔ ከእሱ በላይ ፈራሁ፤ ቢወድቅ የምይዘው መስሎኝ ከኋላው ቆምኩ። ጉልበቱን አጠፈ፣ ጆንያዋን ደረቱ ላይ አስጠጋ፣ ተነሣ። እንደ ዋዛ ነው የተነሣው። ጆንያዋን ታቅፎ መጋዘኑ መሃል ቆሞ ግራ ተጋብቶ ያየናል፤ የሚያኖርበት የጠፋው ይመስል ነበር። ሱሪው ደግሞ ወደ ታች እየሸሸ መጣ። «ምሁሩ፣ ቀበቶዬን» አለኝ። ሄጄ ሳጠብቅለት በፊት ከሚይዝበት ቀዳዳ ሁለት ወደ ውስጥ ገባ።

«ሚዛኑ ጨምሯል፣ ቀበቶው ቀንሷል» አልኩ። «የቱ ነው ልክ?»

«ሁለቱም» አለች አስተማሪዋ። እኔ ይበልጥ ግራ ገባኝ፤ ጋሽ ሚዛን ግን ገባው። ሠላሳ ዓመት ጆንያ ሲወጋ የኖረ ሰው ነው፣ ይገባዋል። ጆንያዋን አስቀምጦ በእርጥብ ጨርቅ ከግድግዳው ላይ የጠመኔውን ጽሕፈት ጠረገ። የቀለበቱን ክብደት ሳይቀር አጠፋው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ የሚያስጎመጅ ታሪክ የለውም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከሥራ መልስ፣ ኮሪደሩ ላይ ወንበርና ጄሪካን። አምስት ሊትሩ አሥር ሆነ፣ አሥሩ ሃያ። አንድ ቀን ሰልችቶት ሲያጉረመርም ልጅቱ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አለችው። «መቼ ይሄዳል፣ በየጠዋቱ እበላው የለ» አላት። ሥራዬ ወንበሩን መያዝ ነበር። ወንበር ይዞ መቆም ሲያሳፍረኝ እኔም እቀመጥ እነሣ ጀመር፤ መጀመሪያ ቀን በስድስተኛው ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ጎረቤት እያለፈ ይስቅብናል። ሳቁ ሁለት ወር ቆየ፤ ከዚያ የሚስቁት ለምደውን ሰላምታ ብቻ እየሰጡን ማለፍ ጀመሩ።

ስድስት ወሩ ሞላ። ጋሽ ሚዛን ሰማንያ ዘጠኝ ኪሎ ሆኖ ሐኪሙ ፊት ቀረበ። ከመነሻው የቀነሰው ሰባት ነው እንጂ አሥር አይደለም፤ ከወደቀበት ቀን ጋር ብናስተያየው እንዲያውም ሁለት ኪሎ ከብዷል። ከበሩ ውጭ ተቀምጬ ይህን ቁጥር ስደምርና ስቀንስ ላብ በላብ ሆንኩ። ሐኪሙ ግን ወገቡን በሜትር ለካ፣ ግፊቱን ለካ፣ የደም ስኳሩን ውጤት አየ፣ ከወንበር ሳይደገፍ እንዲነሣ እንዲቀመጥ አደረገውና እየቆጠረ ሃያ ሁለት ላይ ሲደርስ በቃህ አለው። አሥር ኪሎ ያልኩህ መንገዱን ላሳይህ ነው፤ እኔ የምፈልገው ሆድህ እንዲጎድል፣ ግፊትህ እንዲወርድ፣ ከቢላዋው በኋላ በእግርህ እንድትነሣ ነበር፤ ይኸው መጣህ፣ ቀን ተቆርጦላችኋል አለው።

አሁን ይህን ስጽፍ ቀዶ ጥገናው በደህና ካለፈ አንድ ዓመት ሆኗል፤ እታለምም እጥበት መመላለስ ቀርቶላታል። ዶሴዬን ግን አልጣልኩትም። ወረቀቶቹን ሁሉ አውጥቼ በአንድ ጥያቄ ፈተንኳቸው፦ ይህን ምክር ሰው ከአንድ ዓመት በኋላም ሊኖርበት ይችላል ወይ? አብዛኞቹ ወደቁ። እንግዲህ አንባቢዬ ሆይ፣ አንተም ሆንሽ አንቺ፣ ሰውነታችሁን ለማቅለል ስታስቡ አትራቡ፤ ደህና አድርጋችሁ፣ ግን በልክ ብሉ። ጡንቻችሁን ሥራ አትንፈጉት፤ ሥራ ያለው ጡንቻ አይበላም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ እኔም አፍስሼ ሲለቀም ያየሁ ሰው ነኝ። ሚዛኑን ጠይቁት፣ ከእሱ ጋር ግን ቀበቶውን፣ ደረጃውንና ሐኪሙንም ጠይቁ።

ስለ ደረጃ ካነሣሁ፣ ልጨርስ የምፈልገው በዚያው ሐኪሙ ቀን በቆረጠበት ዕለት ነው። ዕለቱ የእታለም የእጥበት ቀን ስለነበር ሦስታችን አብረን ተመለስን፤ አስተማሪዋ ትምህርት ቤት ነበረች። ሕንፃችን አሳንሰር የለውም፣ እታለም የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሌላው ቀን በየፎቁ እያረፈች በራሷ ትወጣ ነበር። የዚያን ዕለት ግን ከታክሲው ወርዳ ሁለት እርምጃ ሄደችና ጉልበቷ ታጠፈ። ወንበር ላምጣ፣ ጎረቤት ልጥራ እያልኩ እኔ ስርበተበት፣ ጋሽ ሚዛን ከፊቷ ጀርባውን ሰጥቷት በርከክ አለ። «ነይ» አላት። አዘላትና በጭኑ ተነሣ።

እኔ ቦርሳዋን ይዤ ተከተልኩ። ሦስተኛው እርከን ላይ ሲደርስ ቆመ። የዚያን ቀን የተቀመጠባት ያቺው እርከን ናት፤ ልደግፈው እጄን ዘረጋሁ። የቆመው ግን፣ «ምሁሩ፣ ሻርፗ ይጎተታል፣ ሰብስብላት» ሊለኝ ነው። ሰብስቤ ያዝኩላት። ቀጠለ። አንደኛውን ፎቅ አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፤ ቁና ቁና የተነፈስኩት እኔ ነኝ።

በሯ ጋ ሲደርሱ እታለም ከጀርባው ሳትወርድ አንገቷን አስጠግታ፣ «አንተ ልጅ፣ ያነሣኸውን ሁሉ ኪሎውን ትናገራለህ። እኔስ ስንት ሆንኩ?» አለችው።

ጎንበስ ብሎ ቀስ አድርጎ አወረዳት። ሻርፗን ከእጄ ተቀብሎ ትከሻዋ ላይ አደረገላት።

«እታለም፣ ረስቼዋለሁ» አላት። «ሳልመዝንሽ ደረስን።»